የተዋጠ ድምፅ፣ የተተወ ቃል

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ቦሌ ቦሌ ቦሌ!» ሲል የሰዋስው መምህር ቢሰማው ዓረፍተ ነገር አይለውም። ባለቤት የለውም፣ ግስ የለውም፣ መስተዋድድ እንኳ የለውም። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ግን አሟልቶ ይሰማዋል፦ መኪናው ወደ ቦሌ ይሄዳል፣ ቦታ አለ፣ የሚሄድ ይግባ። ጥቂት እንደተሄደ «ሂሳብ!» ይባላል። ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል አልተነገረም፤ እጆች ግን ወደ ኪስ ይገባሉ። ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። «አቁምልኝ» የሚለው ጥያቄ ሳይነገር መኪናው ጥጉን ይይዛል።

ብዙ ሰው ቃል መዋጥን እንደ ስንፍና ያየዋል። መምህር ተማሪውን «አፍህን ሞልተህ ተናገር» ይለዋል፤ አርታኢም «የኔ» የሚለውን ሰርዞ «የእኔ» ይጽፋል። ነገር ግን ተናጋሪ ሲተው እንዳሻው አይተውም። አማርኛ ከድምፅ አንሥቶ እስከ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ያስቀራል፤ የሚያስቀረው ግን ሰሚው መልሶ ሊያገኘው የሚችለውን ነው። የተተወው ነገር ፍንጭ ይተዋል፦ የጠበቀ ተነባቢ፣ የተለወጠ አናባቢ፣ ግስ ላይ የተለጠፈች ቅጥያ። ችግር የሚፈጠረው ፍንጩም አብሮ ሲጠፋ ነው፤ ያ ደግሞ ከንግግር ይልቅ በጽሑፍ ላይ ይበዛል።

ሁለት አናባቢ ሲገናኙ

ከትንሹ እንጀምር። አማርኛ ሁለት አናባቢዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አይወድም። «የ» እና «አንተ» ሲገናኙ በአፍ «ያንተ» ይሆናል። «የ» እና «እኔ» ደግሞ «የኔ» ይሆናል። ሁለቱም ላይ አንድ አናባቢ ቀርቷል፤ የቀረው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያው «አ» አሸንፎ የ«የ»ን ድምፅ ውጧል። በሁለተኛው «እ» ተሸንፎ ራሱ ተውጧል። ደረጃው ግልጽ ነው፦ «አ» ጠንካራ፣ የግዕዙ አናባቢ መካከለኛ፣ የሳድሱ «እ» ደካማ። ከዚህ የተነሣ «በእርግጥ» በአፍ «በርግጥ»፣ «ለእሱ» «ለሱ»፣ «ከአዲስ አበባ» ደግሞ «ካዲሳባ» ይሆናል። ስለዚህ «ካ» ስትሰማ ከኋላዋ «አ» እንደነበረ፣ «ለሱ» ስትሰማ ደግሞ «እ» እንደተዋጠ ታውቃለህ።

የአሉታ ግስ ይበልጥ ረቂቅ ነው። «ሄደ» ሲካድ «አልሄደም» ይሆናል፤ «አል» በሙሉ ይሰማል። «ትሄዳለህ» ሲካድ ግን «አልትሄድም» የሚል የለም፤ «አትሄድም» ነው። «ል» ሄዳለች፤ ይሁን እንጂ ባዶ እጇን አልሄደችም። ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው «አትሄድም» ውስጥ ያለችው «ት» ጠብቃ ትሰማለች። የ«ል»ን ቦታ የያዘችው ይህች ሁለተኛ «ት» ናት። «አንሄድም» ላይም «ን» የምትጠብቀው በዚሁ ምክንያት ነው። «አልሄድም» በሚለው የአንደኛ መደብ ቃል ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ «ል» ቆማ፣ «እሄዳለሁ» የሚለው ላይ ያለችው ደካማዋ «እ» ተውጣለች። አንድ አሉታ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀረት፣ ሁለት ዓይነት ፍንጭ። አማርኛን በአፉ የፈታ የ4 ዓመት ሕፃን ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ይለዋል።

አንዳንዱ ማስቀረት ከመለመዱ የተነሣ ማስቀረት መሆኑ ተረስቷል። «ባላገር» «ባለ አገር» ነበር፤ «ባላባት» «ባለ አባት»። የቆሎ ተማሪ መምህሩን «የኔታ» ሲል «የኔ ጌታ» ከሚለው ውስጥ «ጌ»ን ውጧል። «እሜቴ» ውስጥ «እመቤቴ» አለች። ቄሱ «መምሬ» ሲባሉ የተዋጠችው የ«መምህሬ» «ህ» ናት። የአክብሮት መጠሪያ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚጠራ ፈጥኖ ያልቃል፤ ያም ሆኖ «የኔታ» የሚለው ቃል ከ«የኔ ጌታ» ያነሰ ክብር የለውም። እንዲያውም ሙሉው ዛሬ ለፍቅረኛም ለእንግዳም ሲባል፣ የተዋጠው ግን ለመምህር ብቻ ተለይቶ ቀርቷል።

ስሞችም እንዲሁ ናቸው። «እታገኘሁ» የተባለች ሴት «እህት አገኘሁ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተሸክማ ትዞራለች፤ «ወንድማገኘሁ»ም የወንዱ ነው። በ«እህት» ውስጥ ያለችው «ህ» ቀርታ «እት» ሆናለች፤ ያችው «እት» በ«እታለማሁ» እና በ«እታፈራሁ»ም ላይ አለች። የግዕዝ ስሞች ሲቆረጡ ደግሞ የራሳቸው መላ አላቸው። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ተክለ» ለብቻቸው አይቆሙም፤ «የማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላሉ። «ገብረ ሥላሴ»ን በፍቅር አሳጥሮ የሚጠራ ሰው ታዲያ «ገብረ» ብሎ አያቆምም፤ «ገብሬ» ይላል። «ወልዴ»፣ «ተክሌ»፣ «ኃይሌ» ሁሉም በዚሁ መንገድ መጨረሻቸውን ለውጠው ክፍተቱን ዘግተዋል።

የጉሮሮ ድምፆች መቃብር

ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲመጣ ትልቁ የድምፅ መጉደል የደረሰው በጉሮሮ ፊደላት ላይ ነው። ግዕዝ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን፣ «አ»ን እና «ዐ»ን በድምፅ ይለያቸው ነበር። አማርኛ ልዩነታቸውን አጠፋ፤ በብዙ ቃላት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ዋጣቸው። ትግርኛ «ሐ»ን እና «ዐ»ን እስከ ዛሬ በአፉ ይዟል።

ምን እንደተዋጠ ለማየት ሁለት ግሶችን ማነጻጸር ይበቃል። «ሰበረ» እና «ሰማ»። «ሰበረ» ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስቱም በግዕዙ ድምፅ ያልቃሉ። «ሰማ» ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ መጨረሻውም ራብዕ ነው። ሦስተኛው የት ሄደ? በግዕዝ «ሰምዐ» ነበር። «ዐ» ስትጠፋ ከእሷ የቀረው የ«አ» ድምፅ ወደ «መ» ዞሮ «ማ» አደረጋት። ይህን ቁልፍ የያዘ ሰው ብዙ በር ይከፍታል፦ «በላ» «በልዐ» ነበር፣ «መጣ» «መጽአ»፣ «ፈታ» «ፈትሐ»። ራብዕ በሆነች ቁጥር የጉሮሮ ድምፅ አለፈባት ማለት ይቻላል።

የጉሮሮው ፊደል መካከል ላይ ሲሆን ደግሞ ራብዕ የሚሆነው የመጀመሪያው ፊደል ነው። «ጸሐፈ» «ጻፈ» ሆነ፤ «ለአከ» «ላከ»፣ «ስሕተ» «ሳተ»፣ «ክሕደ» «ካደ»፣ «ድኅነ» «ዳነ»።

የሚያስገርመው የተዋጡት ድምፆች ጨርሰው አለመሞታቸው ነው። ግሱ ሲያስቀራቸው ስሙ ይዞአቸው ይገኛል። ሰው «ጻፈ» ይላል፤ የሚሠራው ግን «ጽሕፈት ቤት» ነው። «ላከ» ይላል፤ የሚደርሰው «መልእክት» ነው። «ሳተ» ብሎ «ስሕተት»፣ «ካደ» ብሎ «ክሕደት»፣ «ዳነ» ብሎ «መድኃኒት»፣ «ፈታ» ብሎ «ፍትሕ»፣ «መጣ» ብሎ «ምጽአት»። ምክንያቱ የቃላቱ መንገድ መለያየት ነው። ግሱ በገበያና በማጀት በየቀኑ ሲባል ሲያልቅ፣ ስሙ በቤተ ክህነትና በጽሕፈት በኩል እንደገና ከግዕዝ ተቀድቶ ገባ። የቀን ተቀን አፍ ግን እነሱንም ለመዋጥ አይሰንፍም፤ «ትምህርት» ከብዙ ሰው አፍ «ትምርት» ሆኖ ይወጣል፣ «መድኃኒት»ም «መዳኒት»። የቀድሞ ሰዎች «መጽሐፍ»ን «መጣፍ» ይሉት ነበር።

ፊደሉ ታዲያ ከድምፁ ጋር አልሄደም። ዛሬም «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» በገበታው ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ «አ» እና «ዐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»ም እንደዚያው። ድምፃቸው የጠፋ ፊደላት ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ክርክር ትውልድ ተሻግሯል። ይቆዩ የሚሉት የያዙት ማስረጃ ከላይ የተዘረዘረው ነው፦ «ሐ»ን ከ«ጽሕፈት» ላይ ያነሣ ሰው የ«ጻፈ»ን ዘር ይበጥሳል። ይቀነሱ የሚሉት ደግሞ ተማሪው የማይሰማውን ልዩነት በቃሉ እንዲሸመድድ መገደዱን ያነሣሉ።

ባለቤት የሌለው ግስ

ከድምፅ ወደ ቃል እንለፍ። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ናት። በውስጧ ግን ማን እንዳልተናገረ («ች» ሴት ናት ትላለች)፣ ለማን እንዳልተነገረ («ኝ» ለእኔ ትላለች)፣ ድርጊቱም አለመፈጸሙ («አል» እና «ም») ታጭቀዋል። «እሷ ለእኔ» ማለት አያስፈልግም። ተናጋሪው «እሷ አልነገረችኝም» ካለ ደግሞ ትርጉሙ ይዞራል፤ ሰሚው «ታዲያ ማን ነገረህ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ በአማርኛ ተውላጠ ስም መተው ልማዱ፣ መጥራቱ ደግሞ ልዩ ምልክት ነው።

በዚህ ሕግ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚተወው ስም የእግዚአብሔር ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ሲባል ሰጪው ማን ነው? ለታመመ «ይማርህ»፣ ለሐዘንተኛ «ያጥናችሁ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር» ሲባል ባለቤቱ አይጠራም። ማንም ግን አይሳሳትም፤ ሰዋስው ራሱ መንገዱን አጥብቦታልና። የተከበረ ሰው ቢሆን ኖሮ ግሱ «ይስጡልኝ» ይሆን ነበር። ሴት ብትሆን «ትስጥልኝ»። «ይ» ብቻ ሆኖ፣ ያለ አንቱታ፣ ጤናንና ምሕረትን የሚሰጥ አንድ ነው፤ ለንጉሥ አንቱ የሚል ሕዝብ ፈጣሪውን አንተ ይለዋል። ሌላ ሰጪ ሲታሰብ ግን ስሙ የግድ ይጠራል፦ የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ እዚህ ላይ ስም መዋጥ አይቻልም።

የሰላምታው መልስም ጎዶሎ ነው። «እንደምን አደሩ?» የተባሉ አዛውንት «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ደህና ስለማደራቸው አንድም ቃል አልወጣቸውም። ጠያቂው ግን መልሱን አግኝቶ ይቀጥላል፦ «ልጆቹስ?» «ከብቱስ?» «አዝመራውስ?»። ይህች «ስ» የምትሠራው ሥራ ከመጠኗ በላይ ነው። ቀድሞ የተነገረውን ጥያቄ በሙሉ አንሥታ ወደ አዲስ ባለቤት ታዞረዋለች። «ደህና ነኝ፤ አንተስ?» ሲባል «አንተ ደግሞ ደህና ነህ ወይ?» የሚለው ሁሉ በእሷ ላይ ተንጠልጥሏል። ቀድሞ የተነገረ ነገር ሳይኖር ስትመጣ ደግሞ የምትጠራው ፍርሃትን ነው፤ «ቢዘንብስ?» የሚል ሰው «ምን ይውጠናል?» የሚለውን ትቶታል።

ተረትና ምሳሌ ግስን ለመተው ወደር የለውም። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ላይ «ነው» የለም። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ላይ ዶሮው ማታ ይቀርባል፣ ይበላል ወይስ ይታረዳል፣ ምሳሌው አይነግርህም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ደግሞ ለሰዋስው ሰው ድግስ ነው። «ነገርን» እና «ውሃን» የሚሉት ቃላት «ን» ይዘዋል፤ «ን» ደግሞ ተሳቢ እንጂ ባለቤት ላይ አትወድቅም። ተሳቢ ካለ ሳቢ ግስ አለ ማለት ነው። ግሱ ቢደበቅም «ን» ጠቁማበታለች። ሰሚው ለነገሩ «መርምር» ወይም «ያዝ»፣ ለውሃው «ቅዳ» የሚል ሁለት የተለያየ ግስ ከራሱ ያመጣል። አንድ ግስ ቢጨመርበት ምሳሌው ከሁለቱ አንዱን ያጎድል ነበር፤ ቤት መምታቱም ይቀር ነበር።

ከሁሉም የተደበቀችው «የ» ናት። «የአበበ ቤት» ይባላል። ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን «በየአበበ ቤት» አይልም፤ «በአበበ ቤት» ይላል። «በ» ስትመጣ «የ» ትወጣለች። «ለአስቴር እናት»፣ «ከመጣው ሰው ጋር»፣ «ስለታመመው ልጅ» ሁሉም ላይ አንዲት «የ» ጎድላለች። «የአበበ ቤት በር» ላይም በሕጉ ሁለት «የ» ሊኖር ሲገባ አንዷ ብቻ ቀርታለች። ሁለቱን ማጋጠም ሌላ ትርጉም ያመጣል፤ «በየ» የሚለው ጥምረት «እያንዳንዱ» ለሚል ሥራ ተይዟል፦ በየቤቱ፣ በየቀኑ፣ በየሰፈሩ።

የጾም ቀን ምግብ ቤት ገብቶ «አንድ በያይነቱ» የሚል ሰው ይህን ሁሉ ሕግ በአንድ ትእዛዝ ይሠራበታል። «በየዓይነቱ» ከሚለው ውስጥ የ«የ» ድምፅ በ«ዓ» ተውጦ «ያ» ሆኗል። የምግቡ ስም ደግሞ ጭራሽ የለም፦ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ክኩ፣ ድንቹ፣ የሚቀርቡበት እንጀራ እንኳ አልተጠራም። የቀረው እንዴት እንደቀረበ የሚናገረው ተውሳከ ግስ ብቻ ነው፤ እሱም ስም ሆኖ ምናሌ ላይ ዋጋ ወጥቶለታል። ከምግቡ በኋላ የሚጠጣው «ማኪያቶ»ም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ በጣሊያንኛ «ነጠብጣብ የነካው» የሚል ቅጽል ነበር፣ «ቡና» የሚለው ስም ቀርቶበት ነው አዲስ አበባ የደረሰው።

ጽሑፍ ሲያስቀር

የግዕዝ ጽሕፈት ራሱ የተጀመረው በማስቀረት ነው። ኤርትራ ውስጥ መጠራ ላይ የቆመው ጥንታዊ ሐውልት የተጻፈው በተነባቢ ብቻ ነው፤ አናባቢ የሚያሳይ ምልክት የለውም። አንባቢው ቋንቋውን ስለሚያውቅ አናባቢውን ከራሱ ይጨምር ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአክሱም ድንጋዮች ላይ ፊደሉ እጅና እግር አወጣ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ቅርጽ ተሰጠው፤ ይቀር የነበረው አናባቢም ገጹ ላይ ገባ።

በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ይህን ታሪክ ወደ ኋላ ሄደውበታል። ፊደል የቆጠሩት አናባቢው ሁሉ በተጻፈበት ገበታ ላይ ነበር፤ ዕብራይስጥ ሲማሩ ግን ጋዜጣው፣ የአውቶቡስ ሰሌዳውና የባንክ ደብዳቤው አብዛኛውን አናባቢ ትተው ጠበቋቸው። ነጥቦቹ የሚገኙት በልጆች መጽሐፍ፣ በቅኔና በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ ነው። ቃሉን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ያነባል?

የአማርኛ ፊደልም ሁሉን አልጻፈም። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ አናባቢ አላት፣ አንዳንዴ የላትም፤ ቅርጿ ግን አንድ ነው። «ትምህርት» 5 ሳድስ ፊደል ነው፤ ከ5ቱ ድምፅ ያላቸው «ት» እና «ህ» ብቻ ናቸው፣ የመጨረሻዋ «ት»ም ባዶ ናት። ይህን ገጹ አይናገርም። ማጥበቅና ማላላትም አይጻፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ አንድ ነገር መኖሩን ይነግራል። «ይመታል» ሲላላ መቺ፣ ሲጠብቅ ተመቺ ነው። ባለ ቅኔዎች ይህን ክፍተት ሰምና ወርቅ አድርገውበታል፤ አንዱ ፊደል ላልቶ ሰሙን፣ ጠብቆ ወርቁን ይሰጣል። ማጥበቂያው ቢጻፍ ወርቁ ገጹ ላይ ይፈስስ ነበር።

ሐዲስ ዓለማየሁ ግን በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኖሩ። ለአንባቢ ግልጽ መንገድ ነበር። መጽሐፉ በየቤቱ ገባ፤ ነጥቡ ግን አልተከተለውም። ዛሬ የማጥበቂያ ምልክት በኮምፒውተር የፊደል መዝገብ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶት ሳለ በጋዜጣም በመማሪያ መጽሐፍም እምብዛም አይታይም። አማርኛ ተናጋሪ ዓረፍተ ነገሩን እያየ ስለሚገምት ጉድለቱ አይሰማውም፤ የሚቸገረው ቋንቋውን በኋላ የተማረ ሰው ነው።

በማስቀረት ጥበብ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ሊቃውንትን የሚያህል የለም። የድጓ መጽሐፍ ላይ ከጽሑፉ በላይ ጥቃቅን ፊደላት ይታያሉ። ፊደላቱ በራሳቸው የዜማ ድምፅ አይደሉም፤ ሊቁ በቃሉ ከሚያውቀው ሌላ ዜማ የተወሰዱ አኅጽሮተ ቃላት ናቸው። ሁለት ሦስት ፊደል ሲያይ ያ ሐረግ ይመጣለታል፤ ሐረጉ የሚዜምበትን ስልት አንሥቶ ፊቱ ባለው ጽሑፍ ላይ ያውለዋል። እነዚህ «ምልክት» ይባላሉ፤ ከይዘት፣ ከደረት፣ ከጭረት፣ ከድፋት፣ ከርክርክና ከመሰሎቻቸው ጋር አብረው ይሠራሉ። የሥርዓቱን መደራጀት የቤተ ክርስቲያን ትውፊት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ድጓውን በቃሉ ላልያዘ ሰው ምልክቱ ምንም አይነግረውም፤ የተጻፈው ለሚያውቅ ነውና።

የቢሮ ጽሑፍ የሚያሳጥረው ደግሞ በጭረትና በነጥብ ነው፦ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ጠ/ሚ። እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚመጣ የድርጅት ስሞች ሲያጥሩ በቀጥታ የሚነገር ቃል ይወጣቸዋል። «መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ» «መኢሶን» ሲሆን ማንም ፊደል እየቆጠረ አይጠራውም፤ «ኢሠፓ»ም፣ «ኢዜአ»ም እንዲሁ። በኋለኞቹ ሁለት ስሞች ፊት የነበረችው የ«የኢትዮጵያ» «የ»ም በዚያው ቀርታለች።

ጭረቷ በሰው ስም ላይ ስትወድቅ ግን ፍንጭ ታጠፋለች። «ገ/መድኅን» ችግር የለውም፤ «ገብረ» መሆኑ ይታወቃል። «ተ/ማርያም» ግን ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? «ወ/ማርያም» ወልደ ነው ወይስ ወለተ? አያት በሰፈሩ ታዋቂ በነበሩበት ዘመን ይህ አያሳስብም ነበር። የልጅ ልጃቸው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የመኖሪያ ፈቃድ ሲጠይቅ ግን የአያት ስም በአንዱ ሰነድ ሙሉ፣ በሌላው ባለ ጭረት ሆኖ ይገኛል። ማሽን የሚያነበው የፓስፖርት መስመር ደግሞ የሚቀበለው የላቲን ፊደል፣ አኃዝና አንዲት የመሙያ ምልክት ብቻ ነው፤ ጭረት አያውቅም።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። «በ2012» ብሎ የጻፈ ሰው «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልጨመረ በሁለቱ መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አለ። አገር ቤት ያለ አንባቢ አንዱን፣ ስዊድን ያደገ ልጁ ሌላውን ይረዳል። «ሦስት ሰዓት እንገናኝ» የሚል መልእክት ደግሞ የየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ስላልተናገረ ቀጠሮውን በ6 ሰዓት ሊያዛንፈው ይችላል። ሁለቱም ላይ የተተወው ነገር በአንድ ወቅት ለሁሉ የጋራ ስለነበረ ነው የተተወው፤ ዛሬ የጋራ አይደለም።

ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ወጣቱ በላቲን ፊደል ሲጻጻፍ «ሰላም»ን ኤስ፣ ኤል፣ ኤም በሚሉ ሦስት ተነባቢዎች ብቻ ይጨርሰዋል። የመጠራ ጠራቢ እንዳደረገው አናባቢውን ለተቀባዩ ይተውለታል። ላቲኑ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» ለመለየት ስለማይመች እነሱም ተደባልቀው ይሄዳሉ፤ ተቀባዩ ግን ጓደኛው ስለሆነ ያነበዋል።

ጓደኛ ያልሆነ አንባቢ ግን መጥቷል። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር የኮምፒውተር ፕሮግራም አማርኛን ሲያነብ ሰው ሳያስበው የሚሞላውን ሁሉ አስልቶ መሙላት አለበት፦ የትኛዋ ሳድስ ድምፅ አላት፣ የትኛው ፊደል ይጠብቃል፣ «ወ/ሮ» ሲያይ «ወይዘሮ» ማለት እንዳለበት። «ገና አልደረሰም» የሚለውን ይውሰድ። «ገና» ከላላ አንድ ሰው እስካሁን አልመጣም። ከጠበቀ በዓሉ አልደረሰም። ዓረፍተ ነገሩ በሁለቱም መንገድ ልክ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚወስነው ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች አይቶ ነው። እነሱ ስለ ዘገየ አውቶቡስ ካወሩ ያላላዋል፤ ስለ ዶሮና ስለ ጠላ ጥንስስ ካወሩ ያጠብቀዋል። አውቶቡሱ ለበዓል መንገደኛ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግን ሰውም ቢሆን ደግሞ ሊያነበው ይገደዳል።